ጀህራ ደጅ ላይ ግንብ የሚሠራው ዓሣ

ስለ ዓሣ ለአንቺ መንገር ድፍረት ሊመስል ይችላል። ኩዌት ከገባሽ ዓመት ከሞላሽ ዙቤዲን ከሃሙር በእጅሽ ዳብሰሽ ትለያለሽ። የትኛው ለመጅቡስ፣ የትኛው ለጥብስ እንደሚሆን፣ ሆዱ ከየት ተጀምሮ እንደሚሰነጠቅ፣ የሳፊ እሾህ ጣት ሲወጋ እንዴት እንደሚያቃጥል ታውቂያለሽ። ዓሣ በዓመት አንዴ እንኳ በማይታይበት ደጋ ያደግሽ ብትሆኚም ዛሬ ባለሙያ ነሽ። ስለዚህ በዚህ ርዕሰ አንቀጽ የምናወራሽ ማድ ቤትሽ ስለማይገባ ዓሣ ነው። እዚህ አገር ማዕድ ላይ አይቀርብም፤ ማርኬት ሄደሽም አታገኚውም። ግን ጀህራ፣ ሱለይቢኻት ወይም ዶሓ የምትሠሪ ከሆነ ከዓሣ ሁሉ የቅርብ ጎረቤትሽ እሱ ነው። (ሾፌርና የጥበቃ ሠራተኛ የሆናችሁ ወንድሞቻችን “አንቺ” ስንል ቅር አይበላችሁ፤ ይህን ገጽ አዘውትረው የሚያነቡት እኅቶች ስለሆኑ ነው።)

ኩዌቶች “ቡ ሽለምቦ” ይሉታል። የታወቀ የአማርኛ ስም ስለሌለው “ጭቃ ዘላይ” ብንለው ሥራውን ይገልጸዋል።

ጀህራን የሚያውቃት ሁሉ የበረሃ ከተማ ይላታል። አቧራውና ከከተማ ወጣ ሲሉ የሚጀምረው አሸዋ እንዲህ ያስብላል። ሙቀቱማ አይነሳ። እ.ኤ.አ. ጁላይ 21 ቀን 2016 በዚሁ በጀህራ አውራጃ፣ ሚትሪባ በተባለው ጣቢያ 53.9 ዲግሪ ተመዝግቧል፤ የዓለም ሚቲዎሮሎጂ ድርጅትም መርምሮ ተቀብሎታል። ይሁን እንጂ ጀህራ የባሕር ዳር ከተማም ናት። ባሕሩ ክንዱን ወደ ምድር ዘርግቶ የገባበት፣ ዐረቦቹ “ጁን” የሚሉት የኩዌት የባሕር ክንድ በምዕራብ በኩል የሚያልቀው እሷ አጠገብ ነው። ከእነመዳም ጋር በጀህራ መንገድ ወደ ከተማ ስትሄዱ በግራ በኩል ራቅ ብሎ የሚያብለጨልጨው እሱ ነው።

የጁኑ ውሃ ጥልቀት በአማካይ 5 ሜትር ያህል ቢሆን ነው። በቀን ሁለት ጊዜ ይመጣል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል፤ መምጣቱን መድ፣ መሸሹን ጀዝር ይሉታል። ሲሸሽ ከኋላው አሸዋ አይተውም። የሚተወው ጭቃ ነው፤ ዓይን እስኪደክም የተዘረጋ፣ ለስላሳ፣ ግራጫ ጭቃ። ጭቃው ራሱ እንግዳ ነው፣ እንደ እኛ ከሩቅ የመጣ። ዐባይ የአገራችንን አፈር ተሸክሞ ሱዳንና ግብፅ እንዳደረሰ ሁሉ፣ ጤግሮስና ኤፍራጥስም በሻት አል ዐረብ በኩል ወደ ባሕር ሲገቡ የያዙት ደለል፣ ነፋስ ካመጣው አቧራ ጋር ለብዙ ዘመን ተጠራቅሞ ሠራው። ከሩቅ ሲያዩት ባዶ ይመስላል። ይሸታልም። ብዙ ሰው አፍንጫውን ይዞ የሚያልፈውና ቆሻሻ ጥሎበት የሚሄደው ለዚህ ነው።

ጠጋ ብለሽ ዝም ካልሽ ግን ጭቃው ሲንቀሳቀስ ታያለሽ።

ቡ ሽለምቦ ስንዝር ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ ዓሣ ነው። ዓይኖቹ ከራሱ አናት ላይ እንደ ሁለት ዶቃ ወጥተው ተቀምጠዋል። ክንድ የሚመስሉ ሁለት የደረት ክንፎች አሉት፤ በእነሱ እየተደገፈ፣ ክራንች እንደያዘ ሰው፣ በጭቃው ላይ ይራመዳል። ሲደነግጥ ጅራቱን አጥፎ በመፈናጠር ይዘላል። በጁኑ ዳርቻ ሦስት ዓይነት አለ። ትልቁና ግንብ ሠሪው በሳይንስ ስሙ ቦሌኦፍታልመስ ዱሱሚየሪ ይባላል፤ የሚበላው ጭቃው ላይ የሚበቅሉትን ዳያተም የተባሉ ጥቃቅን አልጌዎች ነው። ራሱን ግራና ቀኝ እያወዛወዘ የጭቃውን ቆዳ ሲልስ ሞፕ የያዘች ሴት ይመስላል ብንል አትቆጪን። ሁለተኛው፣ ፔሪኦፍታልመስ ዋልቶኒ፣ ትንንሽ ሸርጣንና ነፍሳት ያድናል። ሦስተኛው፣ ስካርቴላኦስ ቴኑዊስ፣ ቀጠን ያለ ነው።

ዓሣ ከውሃ ወጥቶ እንዴት ይኖራል? ባሕር ዳር ወይም ዝዋይ ያደግሽ አንባቢ ይህን ጥያቄ በግማሽ ትመልሺዋለሽ። የእኛው አምባዛ ከጣና ወይም ከዝዋይ ወጥቶ ጆንያ ውስጥ ታስሮ ገበያ እስኪደርስ በሕይወት ይቆያል፤ ከስንጥቡ በላይ አየር የሚተነፍስበት ልዩ አካል ስላለው ነው። ቡ ሽለምቦ ደግሞ ሌላ ብልሃት አለው። አየሩን የሚስበው በእርጥብ ቆዳውና በአፉና በጉሮሮው ውስጠኛ ሽፋን በኩል ነው። ስንጥቡ ባለበት ጉንጩ ውስጥም ውሃ ቋጥሮ ይወጣል። ሁሉም የሚሠራው ግን ቆዳው እስካልደረቀ ድረስ ነው። ስለዚህ ጭቃው ላይ ሲውል ኩሬ ባገኘ ቁጥር ይንከባለላል፣ ጎኑን ያረጥባል። ዓይኑንም ሲደርቅበት ወደ ጎድጓዳው ስቦ አርሶ ይመልሰዋል፤ ዓይኑን የሚያርገበግብ ዓሣ ያየ ሰው ደግሞ ማየት መፈለጉ አይቀርም። ፀሐይ ሲበረታበት ወይም የክረምቱ ብርድ ሲመጣ ጉድጓዱ ውስጥ ይገባል።

አሁን ወደ ግንቡ እንምጣ፤ ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣን እሱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ክሌይተን የተባለ ተመራማሪ ከባልደረባው ጋር በዚሁ በኩዌት ጭቃ ላይ አንድ ነገር አስተዋለ። ትልቁ ቡ ሽለምቦ በብዛት በሚኖርበት ቦታ ጭቃው እንደ ማር እንጀራ ተከፋፍሏል። እያንዳንዱ ክፍል አምስት ወይም ስድስት ጎን አለው። በመካከሉ አንድ ዓሣና አንድ ጉድጓድ፣ በዙሪያው ዝቅ ያለ የጭቃ ግንብ። ግንቡን የሚሠራው ዓሣው ራሱ ነው፤ ጭቃውን በአፉ እየጎረሰ እየተፋ። ጎረቤቱም በሌላው ወገን እንዲሁ ያደርጋል፤ አንዱ ግንብ ለሁለት አጥር ይሆናል። አምስት ማዕዘን የሚያሰምር መሐንዲስ የለም። ጎረቤት ከአምስት አቅጣጫ ሲገፋ ቅርጹ በራሱ ይወጣል።

ለምን ይደክማል? በሁለት ምክንያት። አንደኛ፣ ባሕሩ ሲሸሽ ግንቡ ጥቂት ውሃ ያስቀራል። ያ ውሃ ጭቃውን ያረጥባል፣ እርጥቡ ጭቃ ላይ አልጌው ይበቅላል፣ ባለቤቱም ከደጁ ሳይርቅ ይበላል። ጓሮውን በመስኖ ያጠጣል ማለት ነው። ሁለተኛው ምክንያት ጠብ ነው። እነዚህ ዓሦች ጎረቤት ባዩ ቁጥር ክንፋቸውን አቁመው፣ አፋቸውን ከፍተው ይጣላሉ። ግንቡ ሲኖር እምብዛም ስለማይተያዩ ጠቡ ይቀንሳል፤ ጊዜው ለመብላት ይተርፋል። ባሕሩ ተመልሶ ሲመጣ ግንቡን ይንደዋል። ዓሣው እንደገና ይሠራል።

እዚህ ላይ “እኛም ግንብ ውስጥ ነን” የምትይ አትጠፊም። ይህን ንጽጽር ብዙ መግፋት አንወድም። የቡ ሽለምቦ ግንብ ቁመቱ ጥቂት ጣት ነው፤ ሲፈልግ ይዘለዋል፣ የሠራውም ራሱ ነው። የአንዳንዶቻችን ግንብ በር አለው፣ ቁልፉም ሌላ ሰው እጅ ነው። በዚህ ጉዳይ ሕግ ስላለ ወደ ታች እንመለስበታለን።

የልጅ አስተዳደጉ ደግሞ ይደንቃል። ወንዱ በጭቃው ላይ ወደ ላይ እየተፈናጠረ፣ የጀርባ ክንፉን እንደ ባንዲራ እየዘረጋ ሴቷን ይጠራል። እንቁላሉ የሚቀመጠው ከጭቃው በታች፣ ጉድጓዱ ውስጥ ነው። እዚያ ጥልቀት ላይ ያለው ውሃ አየር የለውም ማለት ይቻላል፤ እንቁላሉ ሊታፈን ይገባው ነበር። ጃፓን ውስጥ በዘመዱ ላይ የተደረገ ጥናት ምስጢሩን አሳይቷል። ወንዱ ከላይ በአፉ አየር እየጎረሰ ወርዶ የእንቁላሉን ክፍል በአየር ይሞላዋል፤ እንቁላሎቹ ከጣሪያው ላይ ተለጥፈው በዚያ አየር ያድጋሉ። የሚፈለፈሉበት ሰዓት ሲደርስ አባትየው ያንኑ አየር በአፉ እየጎረሰ ያወጣዋል፤ ውሃ ይገባል፣ ልጆቹም ይፈለፈላሉ። ሊታይ በማይችል ክፍል ውስጥ ሌት ተቀን የሚሠራ ሞግዚት ነው። ሌላ ቃል አላገኘንለትም።

ጭቃው ጠፍ መሬት አይደለም የምንለው ለዚህ ነው። አልጌው ዓሣውንና ሸርጣኑን ይመግባል፣ እነሱ ደግሞ ወፎችን ይመግባሉ። ከቡቢያን ደሴት ላይ የሚራባው ሸርጣን በል ነጭና ጥቁር ወፍ ከዚሁ ጭቃ ይበላል፤ ብርዱ ሲመጣ ብዙዎቹ የምሥራቅ አፍሪካ ዳርቻ ይወርዳሉ። ከሰሜን እስያ ተነሥተው ወደ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን የሚያልፉ ወፎችም የሚያርፉበት መስመር ይህንኑ አካባቢ ይነካል። የጀህራ ጥብቅ ስፍራ የተከለለው በአብዛኛው ለእነሱ ሲባል ነው።

ጁኑ ሲታመም ምን እንደሚመስል ኩዌት አይታዋለች። እ.ኤ.አ. በ2001 ኦገስትና ሴፕቴምበር፣ ማይድ ከሚባለው ዓሣ ዘመዶች አንዱ ከ2,500 ቶን በላይ ሞቶ ዳርቻው ላይ ተንሳፈፈ። ተመራማሪዎች የገዳዩን ባክቴሪያ ስም አወጡ፤ ስትሬፕቶኮከስ ነው። ነገር ግን ባክቴሪያው ብቻውን አልሠራም። የተኛና የሞቀ ውሃ፣ በዚያ ላይ ከፍሳሽ የሚመጣው ከመጠን ያለፈ ምግብ መንገዱን ጠርጎለታል። ጥልቀት የሌለው የባሕር ክንድ የገባበትን ነገር ቶሎ አያስወጣም።

ሌላው አደጋ መሙላት ነው። በአፈር ተሞልቶ መንገድ ወይም ቤት የተሠራበት ጭቃ አይመለስም። ጃፓን ኢሳሃያ በሚባል ቦታ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 14 ቀን 1997 የባሕሩ መግቢያ በ7 ኪሎ ሜትር ግድብ ተዘጋ። መድ መምጣቱን አቆመ፣ ጭቃው ደርቆ ተሰነጣጠቀ፣ የእኛ ቡ ሽለምቦ ዘመዶች ባሉበት ቀሩ። ክርክሩ በጃፓን ፍርድ ቤቶች አሥርተ ዓመታት ፈጀ። ኩዌት እንዲህ ያለ ግድብ አልሠራችም። ግን ጁኑ ዙሪያውን ከተማ ከቦታል፤ 36 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የሼኽ ጃቢር ድልድይም እ.ኤ.አ. በ2019 ተከፍቶ በላዩ ያልፋል። ልማቱን አንቃወምም። የምንለው እያንዳንዱ ገልባጭ መኪና አፈሩን ከመድፋቱ በፊት “ባዶ ነው” የተባለውን ጭቃ አንድ ሰው ወርዶ ይየው ነው። ይህ የማዘጋጃ ቤቱና የአካባቢ ጥበቃው ሥራ እንጂ የአንቺ አይደለም፤ ጋዜጣ ግን ሳይናገረው ማለፍ የለበትም።

የአንቺ ድርሻ ትንሽ ናት፣ እንንገርሽ። ከማድ ቤቱ ማጠቢያና ከመጸዳጃው የሚወጣው ውሃ ወደ ማጣሪያ ጣቢያ ይሄዳል። ውጭ፣ መንገዱ ዳር ያለው የዝናብ ውሃ መውረጃ ግን ወደ ባሕር ነው የሚሄደው። ሆሹን በክሎሮክስ አጥበሽ ውሃውን በበሩ ስታስወጪ፣ ወይም የጥብስ ዘይት እዚያ ሲደፋ፣ ዓሣው ደጃፍ ይደርሳል። ዘይቱን ቀዝቅዞ በባዶ ጠርሙስ ከድኖ ቆሻሻ ላይ መጣል ተጨማሪ ጉልበት አይጠይቅም። መዳም “ወደ ውጭ ድፊው” ካለችሽ ደግሞ መጨቃጨቅ የለብሽም። ጥፋቱ የአዛዡ ነው፤ ከፈለገች ይህን ጽሑፍ ልጇ ያንብብላት።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ልንል የፈለግነው፣ ይህን ዓሣ ሂጂና እይው ነው። ብዙ እኅቶች ሁለት ዓመት ኮንትራታቸውን ጨርሰው ሲሄዱ ኩዌትን የሚያውቋት በአየር ማረፊያው፣ በማርኬቱና በመኪና መስኮት ነው። ይህ ደግሞ ሕግ ያዘዘው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ቁጥር 68 የቤት ሠራተኞች ሕግ በሳምንት አንድ ቀን ደመወዝ የማይቆረጥበት ዕረፍት ይሰጥሻል። የሥራ ሰዓትሽ በቀን ከ12 እንዳይበልጥ፣ በዓመት 30 ቀን ፈቃድ እንዲኖርሽም ይደነግጋል። ፓስፖርትሽን አሠሪሽ ይዞ ማስቀመጥ እንደማይችልም ይናገራል። ወረቀቱ ላይ ያለው ሁሉ በየቤቱ እንደማይሠራ እናውቃለን፤ አንቺም ከእኛ የበለጠ ታውቂያለሽ። ዕረፍት ጨርሶ ከተከለከልሽ የሰው ኃይል ባለሥልጣን የቤት ሠራተኞች ክፍል አቤቱታ ይቀበላል። ለአሠሪዎችም አንድ ቃል አለን፤ በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ በነፋስ ላይ የተራመደች ሴት ሰኞ ጠዋት ሌላ ሰው ሆና ነው የምትሠራው።

ስትወጪ ግን ተናግረሽ ውጪ። የት እንደምትሄጂ፣ በስንት ሰዓት እንደምትመለሺ ለቤቱ ሰው ንገሪ፤ ቢቻል በስልክ መልእክት ጽፈሽ አስቀሪ። ሳይነገር መውጣት ተገዩብ አስጽፎ ያለ ወረቀት የሚያስቀር ችግር ውስጥ ሊከትሽ ይችላል። ሲቪል አይዲሽን ያዢ። ብቻሽን አትሂጂ፣ ጓደኛ ይኑርሽ። የጀህራ ጥብቅ ስፍራ ያለ ፈቃድ አይገባም፤ በአጥሩ አትሾልኪ። ቀላሉ የሱለይቢኻት የባሕር ዳር መንገድ ነው፤ ከጀህራ ወደ ከተማ በሚሄደው አውቶቡስ መስመር ላይ ነው፣ መግቢያ አይከፈልበትም፣ ቤተሰብም ስለሚመላለስበት አያስፈራም።

ጭቃው ላይ ፈጽሞ አትውረጂ። ከላይ ደረቅ መስሎ እስከ ጉልበት ይውጣል፤ ጠርሙስም ተሰባብሮበታል። ባሕሩ ሲመለስ ደግሞ በዝግታ የሚመጣ ይመስላል እንጂ ጠፍጣፋ መሬት ላይ ከሰው ይቀድማል። በበጋ፣ ከጁን እስከ ኦገስት መጨረሻ፣ ከቀኑ 5 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት በእኛ አቆጣጠር መንግሥት በፀሐይ ላይ የሚሠሩትን ሥራ ያስቆማቸዋል። ለሽርሽርም የሚከለክልሽ ባይኖር በዚያ ሰዓት አትውጪ። የተሻለው ከማርች እስከ ሜይ ያለው ጊዜ ነው። አየሩ ገና አልከበደም፣ ዓሣውም ከክረምቱ ብርድ ወጥቶ ሥራ ላይ ነው።

የጀዝሩን ሰዓት ከስልክሽ ፈልጊ፤ “የኩዌት መድና ጀዝር” ብለሽ በዐረብኛም በእንግሊዝኛም ታገኚዋለሽ። ውሃው መሸሽ ከጀመረ አንድ ሰዓት ሲሆነው ድረሺ። ከድንጋዩ ጫፍ ላይ ተቀመጪ፣ ስልክሽን አስቀምጪ፣ ጥላሽ ጭቃው ላይ አይውደቅ። መጀመሪያ ምንም አታዪም፤ ሰው ሲመጣ ሁሉም ጉድጓዱ ገብቷል። ከዚያ ከአንዱ ቀዳዳ ሁለት ዓይን ብቻ ብቅ ይላል። ያያችኋል። ካልተንቀሳቀሳችሁ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ጎረቤቱም ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ጭቃ እየጎረሰ ከትናንት የፈረሰውን ግንብ መሥራት ይጀምራል።